ደንገጎን ወጥቶ ጀልባ፦ ሐረማያ ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁት

ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ውሃ ማለት ደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጥበታል። ከዚያ ተራራው ላይ ይዘንብና አንድ ሌሊት መጥቶ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ያደረገውን ያየን ሰዎች ውሃን የምናየው በጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ልጆቼ "ጀልባ እንሳፈር" ባሉኝ ቁጥር "ሐዋሳ ስንሄድ" እላቸው ነበር። ሐዋሳ መቼ እንደምንሄድ እኔም አላውቅም።

ለካ ጀልባው እዚሁ ነበር። ደንገጎን፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ወጥቶ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ ከድሬ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐረማያ ላይ።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ይወራል። ሁለቱንም ልንገራችሁ፣ ቢያንስ የእኔን ስህተት አትድገሙት።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር። ሐረማያ ሐይቅ እሄዳለሁ ስል ጎረቤቶቼ ግማሾቹ የሳቁብኝ "እሱ ደርቆ የለም እንዴ?" እያሉ ነው። እውነታቸውን ነው። ደርቆ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሐይቁ ጭልጥ ብሎ ሄደ። እኔ ተማሪ ሆኜ በሚኒባስ መስኮት አይቼዋለሁ። ከብቶች ይግጡበት ነበር። መሬቱ እንደ ተሰነጣጠቀ ምጣድ ሆኖ ነበር። አንድ ሐይቅ እንደዚያ ሲሆን ካላያችሁ ለመግለጽ ይከብዳል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ሰው አንገቱን አዙሮ ያያል፣ የሚናገር ግን የለም።

ምን አደረቀው? መልሱ አንድ አይደለም። ዙሪያውን ያሉት ኮረብታዎች ተራቁተው አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ገባበት። ሐይቁ በደለል ተሞልቶ ጥልቀቱን አጣ፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትመጠዋለች። በዚያ ላይ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ የውሃ ፓምፖች ዳር ዳሩን ተደርድረው ሌት ተቀን ይስቡ ነበር። የሐረር ከተማም ለብዙ ዓመታት የጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ሲደርቅ ሐረር ተጠማ፤ ኋላ ላይ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ እየተገፋ ተወሰደለት። በዚህ ነገር ድሬዎች ሐረሮች ላይ ዛሬም ይቀልዳሉ።

ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመለሰ። ኮረብታው ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ፓምፕ ላይ ቁጥጥር መጣ፣ ዝናቡም ጥሩ ጣለ። አሁን ውሃ አለ፣ ወፍ አለ፣ ጀልባም አለ። ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ሐይቁ ላይ ለሚገጥማችሁ ነገር ምክንያቱ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ውሃው ለምን ጭቃ መሰለ፣ ለምን ወርዶ መዋኘት ጥሩ እንዳልሆነ፣ ለምን በየወሩ ዳርቻው እንደሚቀያየር።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

የመጀመሪያው ጉዞ የፋሲካ ማግስት ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች። ልጅቷ 11፣ ልጁ 7 ዓመቱ ነው። ከቤት የወጣነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ። የለበስነው ልክ ከዚራ ሰፈር አይስክሬም ልንበላ እንደወጣን ሰው ነው። ቲሸርት፣ ቁምጣ፣ ሰንደል ጫማ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ አካባቢ እንደሚቀንስ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ሻንጣ ሳዘጋጅ ግን ትዝ አላለኝም። ውሃ ላይ ደግሞ ንፋሱ ይጨመራል። ልጄ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ "ማሚ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነን?" አለኝ።

የበዓል ሰሞን መሆኑ ሌላው ጥፋት ነው። ግማሽ ድሬና ግማሽ ሐረር እዚያ ነበር። ሰልፍ ያዝን። ምሳ በላን፣ ጠበቅን፣ ሻሂ ጠጣን፣ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ እንደሚነሳ ያኔ ማን ነገረኝ?

ጀልባዋ ሞተር ያላት ናት። ስንት ሰው እንደምትይዝ አልጠየቅኩም። ሞልታ ሳለ "ሁለት ሰው ብቻ" ተባለና ሦስት ገባ። ሕይወት አድን ጃኬት ሰጡን፣ ይህ መልካም ነው። ለልጄ የሰጡት ግን የአዋቂ ነው። ጉልበቱ ድረስ ደረሰለት። እኔም ሞኝ፣ "ትልቅ ከሆነማ የበለጠ ያንሳፍፈዋል" ብዬ አሰርኩለት።

መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከሥር ውሃውን የሚገፋው ማሽከርከሪያ ላይ ሣር ተጠምጥሞበት ነው። ጀልባ ሞተሯ ሲጠፋ የምትቆም ይመስላችኋል። አትቆምም። ንፋሱ ቀስ ብሎ አዙሮ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጣት። ማዕበል ስል የባሕር አይምሰላችሁ፤ ከጉልበት በታች ነው። ግን የተጫነች ጀልባን ከጎን ሲመታት ውሃው ዘሎ ይገባል። አንዲት ሴት ጮኸች። ሦስት አራት ሰው ብድግ አለ። አንዱ ይህን ሁሉ በስልኩ ለመቅረጽ ቆሟል። ጀልባዋ ዘነበለች። ነጂው "ቁጭ በሉ! አቦ ቁጭ በሉ!" እያለ አንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ። የባለቤቴ ስልክ ከኪሱ ሾልኮ ገባ። ሐይቁ ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው የመጀመሪያው ስልክ እንደማይሆን እርግጠኛ ነኝ።

ሌላ ጀልባ መጥቶ በገመድ ጎትቶ አወጣን። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ጨመርኩ። ዳር ወጥተን ልጄ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ያ ጃኬት ሽቅብ ተንሸራቶ ጭንቅላቱን ሸፈነው። ወገቤ ተቆረጠ። ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥር ይሾልካል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ጃኬት ካጠለቃችሁለት በኋላ ልጁ እጁን ወደ ላይ ያንሳ። እናንተ ከትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን ወይም ጆሮውን ከነካ ትልቅ ነው፣ አልተያያዘም ወይም አልጠበቀም። በልኩ ከሌለ አትሳፈሩ። "ቅርብ ነው የምንሄደው" የሚል ሰው አትስሙ። ለትንሽ ልጅ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል፤ እኔ በሁለተኛው ጉዞ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አስመጣሁ።

እሱ ዘመድ የአክስቴ ልጅ ነው። ካናዳ ይኖራል። እዚያ በጋ በጋ ሐይቅ ላይ ባለሸራ ጀልባ ይነዳል። ለጥቅምት መጥቶ የፋሲካውን ታሪክ ሲሰማ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ቀጥሎ "ቅዳሜ እንሄዳለን" አለ። ባለቤቴ "እኔ አንድ ስልክ ገብሬአለሁ፣ ይበቃኛል" ብሎ ቀረ። በሱ ምትክ እናቴ ተነሳች። 70 ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከሳጥኗ ውስጥ አንዲት ፎቶ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምን እንደሆነ አላሳየችንም።

እናቴ ሐረማያ አትልም። "ዓለማያ" ነው የምትለው። የእሷ ዘመን ስሙ ነው። ኮሌጁም ያኔ ዓለማያ ኮሌጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው፣ አሜሪካኖቹ የኦክላሆማ ሰዎች ያገዙት፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ማለት ነው።

በዚህኛው ጉዞ የቀየርነው ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። አርብ ከሰዓት ከድሬ ወጥተን ሐረር አደርን። ከሐረር ሐረማያ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ አወዳይን አልፎ። የአክስቴ ልጅ ድንኳን ይዞ መጥቶ ስለነበር ሐይቁ ዳር ለማደር አስቦ ነበር። አንድ የሐረማያ ሽማግሌ ጠየቅን። "ማደሩን እደሩ። ጅቡም ብቻውን ከሚያመሽ ይሻለዋል" አሉን። ድንኳኑ ሳይፈታ ካናዳ ተመለሰ። ሐረር ከገባችሁ ደግሞ ጅቡን በወጉ፣ ከግንቡ ውጭ ሥጋ ሲበላ ማየት ይሻላል። ልጆቼ እሱንም አዩ፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐረር ወጣን። አወዳይ በዚያ ሰዓትም አይተኛም። የጫት መኪኖች፣ ጩኸት፣ እሽግ የተሸከሙ ወጣቶች። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ እዚያ ቀረ። "ለመንገድ ትንሽ?" አለ። እናቴ ዞራ አየችው። አለቀ። ቀልዱን ትቼ፣ በርጫና ጀልባ አይደባለቁም። ጓደኞቻችሁ ዳር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ከሰዓቱን ሙሉ ሊቅሙ ከፈለጉ መብታቸው ነው። ግን ከዚያ በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ ንፋሱ በተነሳበት ሰዓት፣ "በሉ እስቲ ጀልባ" ሲሉ አብራችሁ አትሂዱ።

1 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ነበርን። ያ የፋሲካው ሐይቅ አልነበረም። እንደ መስታወት ተኝቷል። ጉም ቢጤ ከላዩ ይነሳል። ዳክዬና ይብራ በየቡድኑ ተበትነዋል። ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎች ጭቃው ላይ ቆመዋል፣ የሚያስቡ ይመስላሉ። ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። እኔ ዝም በል ሳልለው። ይህ ቤታችን ውስጥ ሆኖ አያውቅም።

የአክስቴ ልጅ ነገሩን አስረዳኝ። ሌሊት መሬቱም አየሩም ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይተኛል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይነሳል፣ በሱ ቦታ ሌላ አየር ይገባል። ንፋስ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ጠዋት ጸጥታ፣ ከሰዓት ንፋስ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ባይባልም አብዛኛውን ቀን ይሠራል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያለውን ይያዝ።

በዚያ ሰዓት ሰልፍ የለም። ጀልባ ነጂው ልጅ ገና ሻሂ እየጠጣ ነበር። ዋጋ ከመስማማታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅን፣ እናንተም ጠይቁ፦ "ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በጀልባ?" በሰው ከሆነ ነጂው እስክትሞላ ይጠብቃል፣ ሲሞላም ይጨምራል። በጀልባ ከሆነ ብቻችሁን ትሄዳላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ በጀልባ መከራየት ያዋጣል። ብር ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ በበዓልና በአዘቦት ቀን አንድ አይደለም፣ እናንተ እስክትሄዱም ይለወጣል።

ሞተር ያላትን ትተን በመቅዘፊያ የምትሄደውን ትንሿን መረጥን። ስትገቡ ዳሯን ረግጣችሁ አትዝለሉ። አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ መሀሏን ረግጣችሁ፣ ሁለቱን ዳር ይዛችሁ። ከባዱ ሰው መሀል ይቀመጥ። እናቴን ነጂው እጇን ይዞ "አዮ፣ ቀስ" እያለ አስገባት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምትገባ አድርጋ ገባች። ቦታ ለመቀያየር ከፈለጋችሁ ዳር ደርሳችሁ ተቀያየሩ። ፎቶ ተቀምጦም ይነሳል።

ልጅቷ መቅዘፊያውን ለመነች። ነጂው ፈቀደላት። መጀመሪያ የተገረመችው ቀዛፊ ለሚሄድበት ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጡ ነው። "እንዴት አያለሁ ታዲያ?" አለች። ነጂው ሳቀ። "ፊት ለፊትሽ ያለውን አንድ ዛፍ ያዢ፣ እሱ ካልተንቀሳቀሰ ቀጥ ብለሽ ነው የምትሄጂው" አላት። ሞከረች። ለአሥር ደቂቃ ክብ ሠራን። የግራ እጇ ይደክማል፣ ጀልባዋ ወደ ግራ ታጥፋለች። ከዚያ ገባት። መቅዘፊያውን በጥልቀት መንከር አያስፈልግም፤ ምላሱ፣ ሰፊው ጫፉ፣ ብቻ ውሃ ውስጥ ይግባ። በክንድ ሳይሆን በጀርባ ይሳባል። ዳር ስንወጣ መዳፏ ውሃ ቋጥሯል፣ እሷ ግን እንደ ሜዳሊያ ለሁሉ ታሳያለች።

የአክስቴ ልጅ ግን ልቡ ሸራ ላይ ነው። "እዚህ ባለሸራ ጀልባ የለም?" አለ ነጂውን። ልጁ "ሸራ ለዝናብ ነው?" አለው። ይህን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ዓይኑ የእናቴ ነጠላ ላይ አረፈ። ወደ 3 ሰዓት ገደማ ትንሽ ነፈስ ማለት ጀምሮ ነበር። ሁለቱን መቅዘፊያ አቁሞ ነጠላውን በመሀላቸው ወጠረው። እናቴ "የሰንበቴ ነጠላዬን!" አለች። ጀልባዋ ግን ተንቀሳቀሰች! ቀስ ብላ፣ ያለ ድምፅ፣ ማንም ሳይነካት። ነጂው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ዝም ብሎ ወደ ውሃው አየ። "አቦ፣ ቤንዚን የለ፣ ምን የለ" አለ።

ሄድን ሄድንና ልጄ "አሁን እንመለስ" አለ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ንፋስ ወደሚነፍስበት መሄድ ቀላል ነው፤ ነጠላም ይወስዳችኋል። ወደመጣበት መመለስ ግን በነጠላ አይሆንም። እውነተኛ ባለሸራ ጀልባም ቢሆን ንፋስ ፊት ለፊት ቀጥ ብላ አትሄድም። ሰያፍ ትይዛለች፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፈች፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ እንደሚወጣ መኪና። ከሥር ያለው ጠፍጣፋ ነገር ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። የእኛ ጀልባ ይህ የላትም። ስለዚህ ቀዘፍን። ንፋሱ እየጨመረ ሄደ፣ በአምስት ደቂቃ የመጣነውን ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። የአክስቴ ልጅ በላብ ተጠምቆ "ትምህርት ነው" ይላል። እናቴ "ለማን?" አለችው።

ከዚህ የተረፈኝ አንድ የሚረባ ነገር፦ በመቅዘፊያ ስትወጡ መጀመሪያ ንፋሱን ፊት ለፊት እየገፋችሁ ሂዱ። ስትመለሱ፣ ሲደክማችሁ፣ ንፋሱ ያግዛችኋል። ተገላቢጦሹን አታድርጉ።

መዋኘትን በተመለከተ። ልጆች ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ ታያላችሁ። እኔ ልጆቼን አላስገባሁም። ሦስት ምክንያት አለኝ። ሥሩ ደለል ነው፣ እግር ይውጣል። ሁለተኛው ነጂው የነገረን ነው፦ ሐይቁ ደርቆ ሳለ ገበሬው ውሃ ፍለጋ መሬቱን ቆፍሮት ነበር። ውሃው ሲመለስ ጉድጓዱን ሸፈነው እንጂ አልደፈነውም። ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረ ውሃ ድንገት ከቁመታችሁ ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛው ቢልሃርዝያ ነው። በጨዋማ ባልሆነ፣ በተኛ ውሃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ የሚያራባው፣ በቆዳ የሚገባ ትል ነው። መድኃኒት አለው፣ ግን ለምን?

ልብስን ነግሬአችኋለሁ። ድሬዎች፣ እባካችሁ ጃኬት ያዙ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ላይ በጣም ይበርዳል። ግን ብርዱ አያታልላችሁ፤ በዚያ ከፍታ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከውሃው ላይም ተንጸባርቆ ከሥር ይመጣል። ኮፍያና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ስልክ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይታሰር። ባለቤቴ ይህን እንድጽፍ አዞኛል። መጸዳጃ ቤት ከተማው ውስጥ ካፌ ገብታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ።

ወሩንም እንንገራችሁ። ሐይቁ የሚያምረው ክረምቱ እንዳለቀ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ውሃው ሞልቷል፣ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ በቆሎ እሸት በየመንገዱ ይጠበሳል። ወደ የካቲትና መጋቢት ዳርቻው ይሸሻል፣ ጭቃው ይሰፋል፣ ጀልባው ድረስ ለመሄድ ጭቃ ማቋረጥ ሊኖር ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደንገጎ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ሹፌሩ የፊቱን መኪና መብራት ብቻ እያየ የሚነዳበት ቀን አለ። ያን ጊዜ በጨለማ አትጓዙ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ለንግሥ ካልሆነ በቀር በእነዚያ ቀናት ዙሪያ ደንገጎ መገንጠያ አትድረሱ። መንገዱ የምዕመናኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፣ በአውሮፕላን ድሬ ድረስ መጥቶ ከዚያ በሚኒባስ መውጣት ነው የሚቀለው። የሐረርን ሚኒባስ ያዙና ሐረማያ ውረዱ። አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ ከሐረር ወደ ባቢሌ ዝለቁ። አንዱ ድንጋይ በአንዱ ላይ የተደራረበበት የዳካታ ሸለቆ አለ፣ ልጆች "ማን ደረደረው?" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። የባቢሌ ለውዝ ደግሞ መኪና ውስጥ ጭቅጭቁን ያስቆማል።

ከጀልባ ወርደን ፈጢራችንን በላን። ከድሬ ነበር ይዘን የመጣነው፣ ቀዝቅዞም ይጣፍጣል። ያኔ እናቴ ፎቶዋን አወጣች። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዟ የተጠማዘዘ። ሦስት ልጃገረዶች፣ አፍሮ ጸጉር፣ አጭር ቀሚስ። መሀል ያለችው እሷ ናት። ከኋላቸው ውሃ። ውሃ ብቻ፣ እስከ ኮረብታው ድረስ። "በ60ዎቹ ነው፣ ኮሌጁ ያለች ጓደኛዬን ልንጠይቅ መጥተን" አለች።

ነጂው ልጅ ፎቶዋን ተቀብሎ ብዙ አየ። ሐይቁን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም። እሱ ሲወለድ እየደረቀ ነበር። ፎቶው ላይ ያለውን ኮረብታ አወቀውና "ኑ" አለን። ከአሁኑ ዳርቻ ራቅ ብሎ በእርሻ መሀል ወሰደን። እናቴ ኮረብታውን እያየች፣ ፎቶዋን እያየች፣ ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት እያለች ቆመች። "እዚህ" አለች። "እዚህ ጋ እግሬን ነክሬ ነበር።"

ድንች ተተክሎበታል። ባለቤቱ ገበሬ መደቡን እንዳንረግጥ በእጁ እያሳየ መጣ። ነገሩ ሲነገረው ፎቶውን አየ፣ ሳቀ፣ "ውሃው ተመልሶ ከመጣብኝ እኔስ የት ልሂድ?" አለ በኦሮምኛ። ነጂው ተረጎመልን። ከዚያ ለእናቴ ሁለት ኪሎ የሚሆን ድንች ነቅሎ ሰጣት። ልክፈል ብትል እንቢ አለ። ፌስታል ስላልነበረን፣ በዚያች ሸራ በሆነች ነጠላ ቋጥራ ይዛው ተሳፈረች።